የቅዳሜው በረራ

ሳብሪያ የትኬት ሱቋን በር ከፍታ ገና መብራት ሳታበራ ጋሼ ተክለብርሃን ተከትለዋት ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ሐበሻ በሚበዛበት የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ትኬት ሊቆርጡ ሲመጡ ግን ባርኔጣ አውልቀው አያውቁም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? በጠዋት ምነው?»

«ደህና ልጄ። እስቲ በሩን መለስ አድርጊው።»

መለሰችው።

«የምስጋና ወንድም አርፏል» አሉ።

ሳብሪያ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቀረች። ወንዳፍራሽን በአካል አይታው አታውቅም። ድምፁን ግን እንደ ዘመድ ታውቀዋለች። ወንድሟ ከቬኒስ የሚልክላትን የድምፅ መልእክት ሁሉ ጓደኛዋ ምስጋና እዚሁ ሱቅ እየመጣች፣ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አጋድማ ታሰማታለች። ለምለም ድምፅ ነበር፤ መሳቅ ሲጀምር ማቆሚያ ያጣል።

«እንዴት ሆኖ?»

«ልቡ ነው ይላሉ። ትናንት ሥራ ሊሄድ ሲነሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ኢዮኤል የሚባል አብሮት የሚኖር ልጅ ነው የደወለልኝ። የምስጋና ቁጥር እጁ ላይ ነበር፤ ግን አልደወለላትም። ጨዋ ልጅ ነው፤ የእድሩን ስልክ አፈላልጎ እኔ ጋ ደወለ። እኛ እስክናረዳት ድረስ እንዳይሰማ፣ ከጻፈችም በሟቹ ስልክ አንዳንድ ነገር እየመለስክ ቆይ አልኩት።»

«መቼ ልታረዷት ነው?»

«እሁድ ጎህ ሲቀድ። ቅዳሜ ሰው አይገኝም፤ ግማሹ ኤርፖርት ነው፣ ግማሹ አዛውንት ጠባቂ። እሁድ ግን ሴቶቹም ይኖራሉ።»

«ጋሼ፣ ምስጋና እኮ ነገ ከሰዓት ነው የምትበረው።»

ጋሼ ተክለብርሃን ባርኔጣቸውን ማዞራቸውን አቆሙ። «በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም እንዴ?»

«ነበር። ወንድሟ እረፍቱን ቀድሞ ሲያገኝ እኔው ቀየርኩላት።»

«እንግዲያው አጥፊው። አየር መንገዱ ሰረዘው በያት። በእናንተ ሥራ ይሄ ያለ ነገር ነው።»

«ቀብሩስ?»

«ሰኞ ጠዋት። ማዘጋጃ ቤቱ የሰጣቸው ቀን ነው። ልጁ ይራዘምልኝ ብሎ ለምኖ አልሆነለትም።»

«ነገ ከበረረች እሁድ ትገባለች። ትደርስበታለች። እሁድ ከተረዳች ግን በምንም ተአምር አትደርስም።»

«ይሄን ሳላስበው ቀርቼ ነው?» ድምፃቸው ጠንከር አለ። «በቀትር ይረዳል ሰው? ማንም ሳይደግፋት? ወይስ ሳታውቅ ሄዳ እየሳቀች ከአውሮፕላን ስትወርድ ትስማው? ጋርዴና ሰፈር የነበረውን ልጅ ረሳሽው? የአባቱን ሞት አንድ ሞኝ በስልክ ነገረው። ስልኩን ያነሳው መሪ ይዞ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ነኝ እናቱን ያረዳሁት።»

ሳብሪያ ያንን ለቅሶ ታስታውሰዋለች፤ ባሏ ጁነይድ ወንበር ሲያመላልስ ነበር የዋለው።

«ሰው ባለበት እንንገራት፣ እዚሁ ታልቅስ። እሱን ፈጣሪ ይቀብረዋል። አጥፊው ልጄ» ብለው ባርኔጣቸውን ሳያጠልቁ ወጡ።

እሺ አላለቻቸውም፤ እምቢም አላለቻቸውም። ኮምፒውተሯን ከፍታ የምስጋናን ትኬት አወጣችና ስታየው ቆየች። ለመሰረዝ አንድ ቦታ መንካት ብቻ ነው የሚቀረው። አልነካችውም።

የሳብሪያንም እናት ሞት ዘመዶቿ ደብቀውባት ነበር። ሳብሪያ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ እስክትወልድ ይቆይ ተባለ። ኮምቦልቻ ለሌለች እናት የስኳር መድኃኒት በሰው በሰው ስትልክ ከረመች። ስልክ ስትደውል እናትሽ ሶላት ላይ ናት፣ ጎረቤት ሄዳለች፣ ተኝታለች እያሉ መለሱላት። የምትጠራት ግን ተቀብራ የከረመች ሰው ነበረች። ሲነግሯት ከሞቷ ይልቅ ያቃጠላት ያ የመካከሉ ጊዜ ነው። «ለእናቴ ንገሩልኝ» እያለች የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ። ያም ሆኖ የደበቋት ሰዎች ጠላቶቿ አልነበሩም። ልጇ በሰላም የተወለደችው በእነሱ ዝምታ ነው የሚል ካለ፣ ሳብሪያ አትከራከረውም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ምስጋና በትከሻዋ በሩን ገፍታ ገባች። በአንድ እጇ ከጎረቤት ምግብ ቤት የያዘችው በያይነቱ፣ በሌላው የፕላስቲክ ከረጢት። ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ሳብርዬ! አሮጊቷን ለምትክ አስረክቤ መጣሁ። ከአሁን ጀምሮ ቫኬሽን ላይ ነኝ። በይ ነይ እንብላ፤ የፆም ነው፣ ሥጋ የለበት፣ ሀላል ሀራም ብለሽ አታመካኚም።»

«ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ በላሁ» አለች ሳብሪያ። ለመስጊዱም ለምግቡም አልሄደችም ነበር።

«እሺ እኔን እያየሽ ተቀመጪ። መጀመሪያ ግን ይሄን እዪልኝ።» ከከረጢቱ ውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ብጫ የጎማ ቦት አወጣች። «ከጋርዴና ነው የገዛሁት። ውሃው ሲሞላ የቬኒስ አደባባይ ሐይቅ ይሆናል ብሎኛል ወንድሜ። ስለካው አሮጊቷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ዓሣ ልታጠምጂ ነው ወይ!»

ብቻዋን ሳቀች። ሳብሪያ ከንፈሯን ፈልቀቅ አደረገችላት።

«ምነው አንቺ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ራሴን ነው። ትንሽ።»

«ጁነይድ ሲያንኮራፋ እያደረ ነዋ። በይ ካርታውን አምጪው።»

የሳምንት ልማዳቸው ነበር። ሳብሪያ የቬኒስን ካርታ ባንኮኒው ላይ ትዘረጋለች፤ ምስጋና የወንዳፍራሽን መልእክት እየከፈተች መንገዱን በእስክሪብቶ ታስምራታለች። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ምስጋና ጎመኑን ጠቅልላ ጎረሰችና በአንድ ጣቷ ስልኩን ነካችው።

«እታለም፣ ስሚኝ» አለ የሞተው ሰው። «የሻንጣውን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምነግርሽ። ትልቁን ሻንጣ እንዳታመጪ! እዚህ አገር መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ጋሪ እንኳ የለም። ያለው ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ደረጃ ነው። ወጥተሽ ትወርጃለሽ፣ ወርደሽ ትወጫለሽ። በጀርባሽ የምታዝዪው ቦርሳ ብቻ። አለበለዚያ ተሸካሚው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ከጀልባ ሳወርድ ውዬ ጀርባ የለኝም።» ሳቁ ተከተለ፤ ሳቁ ውስጥ ሳል ነበረበት። ሳብሪያ ሳሉን ከዚህ በፊት ልብ ብላው አታውቅም።

«ቀጣዩ ስለ አውቶቡሱ ነው» አለች ምስጋና።

«ከኤርፖርት ስትወጪ የታክሲ ጀልባ እንዳትይዢ። የሚያብረቀርቅ እንጨት ነው፣ ታምሪበታለሽ፣ ግን ቆዳሽን ይገፍሻል። አውቶቡሱን ያዢና መጨረሻው ላይ ውረጂ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ውሃ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ብዘገይም ንቅንቅ እንዳትዪ! ካርታ አይሠራም፤ ስልክሽ ግድግዳ ሰንጥቀሽ እለፊ ነው የሚልሽ።»

ሳብሪያ እስክሪብቶውን ይዛ የአውቶቡሱ መጨረሻ ላይ ክብ ሠራች። ክቡን ደጋግማ አደመቀችው።

«እሺ፣ የጀልባ አውቶቡሱ ትኬት» አለች። ሥራዋን ማውራት ነው የሚያተርፋት። «የአንድ ጊዜውን አትግዢ፣ ውድ ነው። የብዙ ቀኑን ግዢ። ከመሳፈርሽ በፊት መግቢያው ላይ ካለው ማሽን አስነኪው፤ ካላስነካሽው እንዳልከፈልሽ ነው የሚቆጥሩት። ቀርፋፋው መስመር በትልቁ ቦይ እየቆመ ይሄዳል፤ ለማየት እሱ ነው የሚሻለው።»

«ለማየት አይደለም የምሄደው። እሱ ቁጭ ብሎ እኔ ዞሬ ላጉርሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ ቡና ቤት ወንበር ላይ እንደ ቱሪስት ተቀምጦ አያውቅም እኮ! ለሌላው አንሶላ ያደርሳል እንጂ። ትልቁ አደባባይ ላይ አስቀምጬው ራሴ ነኝ የምከፍለው። ሲናደድ ይታየኛል።»

ባንኮኒው ላይ የሳብሪያ ስልክ ነዘረ። የጋሼ ተክለብርሃን ስም በትልቁ በራ። ሳብሪያ ገለበጠችው፤ ምስጋና ግን ቀድማ አይታዋለች።

«እሳቸው ምን ፈልገው ነው?»

«የካርጎ ነገር ነው። ዕቃ ሊልኩ።»

«በይ አንሺላቸው፣ ሽማግሌ አይናቅም።»

«በኋላ እደውላለሁ።»

ሳብሪያ ለቅሶ ደራሽ እንጂ ዋሾ አልነበረችም፤ ውሸቱ ግን አንዱ አንዱን እየጎተተ መጣ። ምስጋና ቦቱን እግሯ ላይ አድርጋ በሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ ጎማው ወለሉ ላይ እየተንጫጫ፣ ስለሚበላው ዓሣ፣ ለአገሩ እርግብ ፍርፋሪ መስጠት ስለመከልከሉ፣ በማለዳ ካልሄዱ ስለማይቻለው ሰልፍ ታወራለች። ሳብሪያ «እሺ»፣ «አዎ»፣ «ልክ ነሽ» ትላለች። እያንዳንዱን ሳቅ የምትቆጥብላት ይመስል በዓይኗ ትከተላታለች። ምስጋና ከዚህ በኋላ ይሄን ሁሉ መልሳ እንደምታስበው ሳብሪያ ታውቃለች።

ያኔ የምስጋና ስልክ ጮኸ።

«እሱ ነው!» አለች። ከዚያ ትንሽ ግር አላት። «ጠዋት ስለ ሻንጣው ለጠየቅኩት ጽፎ ነው የመለሰው። ጽሑፍ ደግሞ ከየት አመጣ?»

ጮክ ብላ አነበበችው። «ሰላም ነሽ እህቴ። ሻንጣ ያልሽውን አምጪ፣ ችግር የለም። እኔ ሥራ ስለሚበዛብኝ ጓደኛዬ ኢዮኤል ከኤርፖርት ይቀበልሻል። አይዞሽ።»

ደግማ በልቧ አነበበችው።

«ሻንጣ ያልሽውን አምጪ?» አለች ምስጋና። «ወንዳ ነው እንዲህ ያለኝ? አሁን የሰማሽው ሰውዬ?»

«ይቅለላት ብሎ ይሆናላ።»

«ሥራ ስለሚበዛብኝ? ሳብሪያ፣ እረፍት ወጥቻለሁ ብሎ አይደለም ወይ ቀኑን ያስቀየረኝ?»

«ድንገት ጠርተውት ይሆናል። ሥራ አይደል...»

ምስጋና ደወለች። ረጅም ጠራና ተቋረጠ። እንደገና ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ተዘጋ። ሦስተኛ ስትሞክር ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

«ዘጋብኝ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ጽፎልኝ፣ ስደውል ዘጋብኝ።»

ሳብሪያ ኢዮኤል የሚባለውን ልጅ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። የሞተ ሰው ስልክ ይዞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

«ባትሪ...» ብላ ጀመረች።

«ባትሪ አትበዪኝ!» ምስጋና ተቀመጠች። ብጫ ቦቱን ከእግሯ ለማውለቅ ታገለችና ተወችው። «እኔ ደነዝ ነኝ። ገብቶኛል አሁን። አልፈለገኝም።»

«ኧረ ምስጉ!»

«አልፈለገኝም አልኩሽ። በሱዳን በሊቢያ ሲንከራተት አንድ ቀን ችግሩን ነግሮኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሳቅ ነው። ቤቱን አሳየኝ ስለው ካሜራው ተሰብሯል ይላል። የሚኖርበትን እንዳላይበት ነው። ቀኑ ሲደርስ ጨነቀው። ሰው ልኮ ሊያስቀብለኝ ነው፣ እንደ ዕቃ!» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው ግን የንዴት ነው። «አሳድጌው እኮ ነው! እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬው ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? ካንስል አድርጊው።»

«ምኑን?»

«ትኬቱን። እስከ ዛሬ ማታ መሰረዝ ይቻላል ብለሽኛል። ያልፈለገኝ ወንድም ጋ አልሄድም። አድርጊው አሁን፣ እኔ ፊት።»

ሳብሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ገጹ ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተ ነው። ነገሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ ተቃንቶ መጣላት፤ ከእንግዲህ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። የትኬቱ ባለቤት ራሷ ሰርዢው እያለቻት ነው። ጋሼ ተክለብርሃን ይደሰታሉ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ሁሉም በወጉ ይሆናል። ሰኞ ደግሞ ወንዳፍራሽን ከኢዮኤል በቀር ማንም ሳይኖር ውሃ አሻግረው የመቃብሩ ደሴት ላይ ይቀብሩታል። ምስጋና ዕድሜ ልኳን፣ እሱ ሬሳ ሆኖ በተኛበት ሰዓት አልፈለገኝም ብላ መቀየሟን ታስታውሳለች።

ጣቷ ማውሱ ላይ ነበር። አነሳችው።

«አንዴ ቆዪኝ» አለችና ስልኳን ይዛ ካርቶኖች ወደሚቀመጡበት ጓዳ ገባች።

ጋሼ ተክለብርሃን ወዲያው አነሱ። «አጠፋሽው?»

«ጋሼ፣ ይምጡ። አሁኑኑ።»

«የት ነው ያለችው?»

«እዚህ። ልጁ የማይሆን ነገር ጽፎላት ወንድሜ አልፈለገኝም እያለች ነው። ትኬቱን ሰርዢ አለችኝ፤ እኔ አልሰርዝም። ወይ እርስዎ መጥተው ያረዷታል፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም።»

«በጠራራ ፀሐይ? ሱቅ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ነውር ነው እኮ ልጄ።»

«ነውሩ በእኔ ይሁን።»

የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠ፤ የእድሩ ሊቀመንበር ድምፅ ሆነ። «ደንበኛ እንዳይገባ በሩን ዝጊ። ስለት ያለው፣ መስታወት የሆነ ነገር ካጠገቧ አንሺ። ውሃ አዘጋጂ። ወይዘሮ ኢትዮጵያን ከምግብ ቤቱ ይዣት እመጣለሁ፤ ብርቱ ናት፣ ሰው መያዝ ታውቃለች። እኔ ሳልደርስ ግን እንዳትናገሪ። አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው፤ ብቻሽን አትችያትም።»

ሳብሪያ ከጓዳ ስትወጣ ምስጋና አንዱን ቦት አውልቃ አንዱን እንዳደረገች ስልኳን እያየች ነበር። ሳብሪያ የበሩን ምልክት ወደ «ዝግ» ገለበጠች። ከዚያ ባንኮኒው ላይ የነበረውን መቀስ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የወረቀት መቁረጫውን ቢላዋም ጨመረችው። የመስታወት ፊት ያላትን ትንሽ ጠረጴዛ ከምስጋና ጉልበት አጠገብ በቀስታ ጎትታ ግድግዳ አስጠጋቻት። የአበባ ማስቀመጫውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው።

ምስጋና ቀና ብላ አየቻት።

«ሳብሪያ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላጽዳ ብዬ።»

«መቀሱን ለምን ደበቅሽው?»

ምስጋና ግድግዳ የተጠጋችውን ጠረጴዛ አየች። የተዘጋውን በር አየች። ራሷም ስንት ቤት ሄዳ፣ ስንት ሰው ከመረዳቱ በፊት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብርጭቆ ስታነሳ፣ ስኒ ስትሰበስብ፣ ማዕዘን ያለው ዕቃ ስትገፋ አልነበረም? ይሄ ሥራ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ማን ነው?» አለች።

«ቁጭ በይ ምስጉ።»

«ማን ነው አልኩሽ!»

በመስታወቱ በር በኩል ጋሼ ተክለብርሃን ባዶ ራሳቸውን መንገዱን ሲሻገሩ ታዩ። ወይዘሮ ኢትዮጵያ ሽርጧን ሳትፈታ፣ እጇን ወገቧ ላይ እየጠረገች ትከተላቸዋለች። ምስጋና አየቻቸው። ተነሳች። አንድ እግሯ ቦት ውስጥ፣ አንዱ በካልሲ ስለነበር ተወላገደች፤ ሳብሪያ በብብቷ ያዘቻት።

ሽማግሌው ገቡ፤ ፊቷ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ከፍም አላደረጉም።

«ምስጋና ልጄ። ወንዳፍራሽ አርፏል።»

ጩኸቱ መጀመሪያ አልመጣም። አፏ ተከፍቶ ድምፅ አጣች። ሲመጣ ግን ፌርፋክስ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆመ። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ፈረንጆች ሹካቸውን አስቀምጠው ዞሩ፤ ከየሱቁ የሚያውቋትም የማያውቋትም ሴቶች እየሮጡ መጡ። ራሷን መሬት ስትጥል ወይዘሮ ኢትዮጵያ ቀድማ ወድቃ በጭኗ ተቀበለቻት። «ወንድሜ! ሻንጣ አታምጪ ያልከኝ! ጀርባ የለኝም ያልከኝ! ክፉ አሰብኩብህ፣ አሁን፣ አሁን ክፉ አሰብኩብህ!» እያለች ደረቷን ስትመታ ሳብሪያ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። ለወንዳፍራሽም ለኮምቦልቻዋ እናቷም ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ምስጋና ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላ አለበሷት። ጋሼ ተክለብርሃን ትንሽ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መቼ ነው የሚቀበረው?» አለች፣ ድምፅዋ ሻክሮ።

ሽማግሌው ሳብሪያን አዩ። ሳብሪያ አላጎነበሰችም።

«ሰኞ ጠዋት» አለች። «ነገ ከበረርሽ ትደርሻለሽ።»

«ሰረዝሽው?»

«አልሰረዝኩትም።»

ምስጋና ለረጅም ጊዜ አየቻት። ማመስገንም መውቀስም በዓይኗ ውስጥ ነበሩ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ሳብሪያ ልትለይ አልቻለችም። «ስገባ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ስስቅ እያየሽኝ።»

«አዎ።»

«እሱን ስመለስ እንነጋገራለን» አለች ምስጋና። «እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ ብቻሽን?» አሉ ጋሼ ተክለብርሃን። «ያን ሁሉ ሰዓት ሰማይ ላይ፣ ከማያውቁሽ ሰዎች መሃል? ውሃ የሚያቀምስሽ እንኳ...»

«እዚህ ቁጭ ብዬ ማንን ላልቅስ ጋሼ? አዝዬ ያሳደግሁትን ሰው ሌላ ይቅበርልኝ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩ። የሚያማቸው ቀኙ ነው።

«ሳብሪያ» አሉ በመጨረሻ። «አጠገቧ ወንበር አለ?»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ። ለማን ይሆናል?»

«ጋሼ፣ ያ አገር እኮ ሁሉ ደረጃ ነው። በየመቶ እርምጃው ድልድይ ነው።»

«እየቆምኩ እወጣዋለሁ። ፓስፖርቴ ጊዜው አላለፈበትም፤ ባለፈው ዓመት ነው ያሳደስኩት።»

ሳብሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ከምስጋና አጠገብ ባዶ አልነበረም፤ ከኋላዋ ግን አንድ ባዶ ወንበር አገኘች። ተቀምጣ ሳለ የምስጋና ስልክ ጠራ። ወንዳፍራሽ የሚለው ስም መስታወቱ ላይ በራ። ምስጋና ራሷ አነሳችው።

«አቤት።»

በወዲያኛው ጫፍ ማንም አልተናገረም።

«ኢዮኤል ነህ?» አለች። «አትፍራ። ተረድቻለሁ።»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ይቅርታ፣ ምን ልበልሽ፣ እንዲህ በል ስላሉኝ ነው፣ ስትደውዪ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነው እያለ ተንተባተበ። ምስጋና እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስማኝ የኔ ልጅ። እሁድ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ቁምልኝ። ሽማግሌ ይዤ ነው የምመጣው፤ ድልድይ የማይበዛበትን መንገድ ፈልግ። ሳጥኑን እኔ ሳልደርስ እንዳይዘጉት ንገራቸው። ለምናቸው። እምቢ ካሉህ እግራቸው ላይ ውደቅ። ሰማኸኝ?»

«እሺ እትዬ።»

«አሁን ደግሞ አትዋሸኝ። አይተኸዋል አይደል? ፊቱ እንዴት ነው?»

ኢዮኤል ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። ምስጋና ዓይኗን ጨፍና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ጋሼ ተክለብርሃን ወደ ባንኮኒው መጥተው ስማቸውን በፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው በሹክሹክታ ፊደል በፊደል ነገሯት፤ ሳብሪያ ጻፈችው።